የአክሬዲቴሽን ቡድን ወደ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሲመጣ፦ ለሜሪላንዷ እናት መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ልጅሽ ሜሪላንድ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አዲስ አበባ እስከ ስድስተኛ ተምራ ነው የመጣችው። በየሳምንቱ በኢሜይል በሚላከው የቤተሰብ ዜና ላይ «የአክሬዲቴሽን (የትምህርት ቤት ጥራት ዕውቅና) ቡድን ይመጣል፣ ወላጆች ሰርቬይ ሙሉ፣ ስብሰባም ኑ» የሚል አይተሽ ደንግጠሻል። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው ወይ፣ ዲፕሎማዋስ ዋጋ ያጣል ወይ፣ ኤ ኤስ ኤልም (የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ) እንግሊዝኛም ሳልችል እዚያ ሄጄ ምን ላደርግ ነው ብለሻል።

አይዘጋም። ድንጋጤው የመጣው አክሬዲቴሽንን እንደ አገር ቤቱ የትምህርት ቢሮ ፈቃድ እድሳት ስላየሽው ይመስለኛል። እዚህ ዕውቅናውን የሚሰጡት የትምህርት ቤቶች ማኅበራት ናቸው እንጂ መንግሥት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም የሚገባበት ፈልጎ ነው። ለሜሪላንድና ለዲሲ አካባቢ ዋናው በ1887 የተቋቋመው ሚድል ስቴትስ የሚባለው ነው። መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕውቅና ይጨምራሉ፤ ሲ ኢ ኤ ኤስ ዲ ይባላል፣ መነሻው በ1868 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ የነዚህ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ጉባኤ ነው። ዲሲ፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጋሎዴት ግቢ ውስጥ ያሉት የኬንዶል ትምህርት ቤትና ሞዴል ሃይስኩል ለምሳሌ ሁለቱም አላቸው። ሁለት መሆኑ ለከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚጠየቀውን ይጠይቃል፤ አስተዳደር፣ በጀት፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ ደኅንነት። ሁለተኛው ግን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በሚገባቸው ቋንቋ ይማራሉ ወይ፣ መስማት የተሳናቸው መምህራን አሉ ወይ፣ ዶርም ውስጥ ማታ የሚያድረው ሠራተኛ ምልክት ቋንቋ ይችላል ወይ የሚለውን ያያል። ጉብኝቱን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ያደርጉታል።

ሥራው የሚጀመረው ቡድኑ ከመምጣቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ትልቅ ሰነድ ይጽፋል። መምህራን፣ የዶርም ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ወላጆች ያሉበት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ሰርቬዩ የሚላከው ለዚህ ነው። ከዚያ ቡድኑ ለጥቂት ቀናት ይመጣል። አባላቱ በሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ የሙያ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው መስማት የተሳናቸው ይኖራሉ። ክፍል ገብተው ያያሉ፣ ወላጆችን ያነጋግራሉ፣ በመጨረሻው ቀን ያገኙትን በቃል ያቀርባሉ። ውሳኔው ግን የነሱ አይደለም፤ ሪፖርታቸውን ይልካሉ፣ የዕውቅና ሰጪው ማኅበር ኮሚሽን ቆይቶ ይወስናል። በሚድል ስቴትስ ዑደቱ 7 ዓመት ነው፣ መሐል ላይ የሂደት ሪፖርት አለው። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ዋስክ በሚባለው ዕውቅና ሰጪ በ6 ዓመት ዑደት ነው የምትሄዱት።

ለእኛ ወላጆች ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ ውስጥ የገባ ችግር ዓላማ ይሆናል፤ ዓላማ የሆነ ነገር ኃላፊ፣ ቀንና በጀት ይመደብለታል። ያልገባው ግን ለዓመታት «እናየዋለን» እየተባለ ይቆያል። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ቃል ክብደት የሚኖረው አሁን፣ ሰርቬዩ ክፍት እያለና ቡድኑ ግቢው ውስጥ እያለ ነው።

ወደ ዲፕሎማው ልምጣ፤ አንቺን ሊያሳስብሽ የሚገባው ከዕውቅናው ይልቅ ሌላ ነገር ነውና። ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ መማር ብቻውን ዲፕሎማ አያስገኝም። ሜሪላንድ ሁለት ዓይነት ወረቀት አላት፦ የሃይስኩል ዲፕሎማና ፕሮግራሙን የማጠናቀቅ ሰርተፊኬት። ሁለቱም በምረቃ ቀን ጋውን ለብሶ ይወሰዳሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ወንድምና እህት ናቸው። ሰርተፊኬቱ ግን ዲፕሎማ አይደለም፤ ኮሌጅና ብዙ ቀጣሪ እንደ ዲፕሎማ አይቀበለውም። መንገዱ የሚለየው ደግሞ በምረቃ ዓመት ሳይሆን ቀደም ብሎ በአይ ኢ ፒ (ለልጅቷ የሚዘጋጀው የግል የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ ነው፤ ልጅቷ በአማራጭ ሥርዓተ ትምህርትና በአማራጭ ፈተና እንድትሄድ ሲወሰን።

በሜሪላንድ ሕግ ለዚህ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ችግር የሚፈጠረው ዝምታ ላይ ነው። ከስብሰባው በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ፈቃድም እምቢታም በጽሑፍ ካልሰጠሽ የአይ ኢ ፒ ቡድኑ ያቀረበውን ሐሳብ ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። የእኛ ሰው «ካልፈረምኩ ምንም አይሆንም» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቀኑ ያልፋል። ካልተስማማሽ «አልፈቅድም» ብለሽ ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት ላኪ፣ ግልባጩንም ያዢ። ስብሰባው ላይ የሚታዩ ሰነዶች ከ5 የሥራ ቀናት በፊት ሊሰጡሽ ይገባል። ቋንቋሽ በካውንቲሽ ከተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ ደግሞ የተጠናቀቀው አይ ኢ ፒ እንዲተረጎምልሽ ስትጠይቂ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ሞንጎምሪ ካውንቲ ዋና ዋና መልእክቶችን ወደ አማርኛ ከሚተረጉሙት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው እንግዳ አይሆንባቸውም።

ወደ ሰርቬዩ ስንመለስ፣ በስልክሽ ብራውዘር አስተርጉመሽ ከሆነ የምትሞዪው ተጠንቀቂ። በምልክት ቋንቋ መናገርና ወረቀት ላይ መፈረም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል (sign) ናቸው። ስለዚህ «ሠራተኞች በደንብ ይፈርማሉ?» የሚል ጥያቄ ካየሽ፣ የሚጠይቅሽ የምልክት ቋንቋ ችሎታቸውን ነው። «እርስዎ እየሰሙ ነው?» ካለሽ፣ ሰሚ ወላጅ ነሽ ወይስ መስማት የተሳነሽ ማለቱ ነው። «የመኖሪያ ፕሮግራም» የሚለው ዶርሙን ነው፣ የቤት ኪራይ አይደለም። ማሽኑ አንዳንዴ ልጆቻችንን «ደንቆሮ» ብሎ ይጽፋል፤ ያስከፋል፣ ግን የትምህርት ቤቱ ቃል አይደለም። ከሁሉም የሚሻለው ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ለቢሮው «ሰርቬዩን በአማርኛ ላኩልኝ፣ ካልሆነ በስልክ በአስተርጓሚ አስሞሉኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለት ልጅ ካለሽና በተለያየ ካምፓስ ከሆኑ፣ ለየብቻ መሞላት እንዳለበት ጠይቂ።

የማታውቂውን ነገር «አላውቅም» በሚለው ሙዪው። በይሉኝታ ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ማለት እኛ ላይ የበረታ ልማድ ነው፤ መምህራኑን ማመስገን ነው ብለን። ውጤቱ ግን የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ምንም አይጎድላቸውም ተብሎ መጻፍ ነው። ማመስገን ከፈለግሽ አስተያየት መስጫው ላይ አመስግኚ፤ እዚያው ደግሞ የጎደለውን በአማርኛ ጻፊ። «ግንኙነቱ ይሻሻል» የሚል ለማንም አይጠቅምም። «ማታ ከዶርም ልጄ ትኩሳት እንዳላት የተላከልኝ ቴክስት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፣ የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው» የሚል ግን ቡድኑ ይዞት ሄዶ የዶርም ኃላፊውን የሚጠይቅበት ነው።

ስብሰባው ላይ ደግሞ ብቻሽን አትቸገሪም፤ ግን መዘጋጀት አለ። አስተርጓሚ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠይቂ። ክፍያው የትምህርት ቤቱ ነው። ለአይ ኢ ፒ ስብሰባ የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ በቀጥታ ያዛል፤ ለሌላው ስብሰባ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ላይ ነው የምትቆሚው። ስትጠይቂ «አስተርጓሚ» ብለሽ ብቻ አትተዪው። መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ሲባል የኤ ኤስ ኤል ነው የሚመስላቸው፤ ስብሰባው ላይ የኤ ኤስ ኤል አስተርጓሚ ታገኚና የአማርኛው የለም። «ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ በአካል» ብለሽ ጻፊ።

ክፍሉ ውስጥ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። የቡድኑ አባል በኤ ኤስ ኤል ይጠይቃል፣ የኤ ኤስ ኤል አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ታሰማለች፣ የአማርኛው አስተርጓሚ ለአንቺ ይነግርሻል። ለአንቺ እስኪደርስ ሌላ ወላጅ መልሶ ሰብሳቢው ወደ ሚቀጥለው ሄዷል። ይህን ከመጀመሪያው መፍታት ይቻላል፦ ከመጀመሩ በፊት ሰብሳቢውን «የአማርኛው አስተርጓሚ እጁን እስኪያነሣ ጠብቁኝ» በዪ። አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ድምፅ የምታሰማው አስተርጓሚ ፊቷን ወደሚናገረው ሰው አድርጋ፣ ጀርባዋን ለታዳሚው ሰጥታ ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ ኋላ ከሆንሽ ድምፅዋ አይደርስም። ስለዚህ አንቺና የአማርኛው አስተርጓሚ አንደኛው ወይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እሱ ከትከሻሽ ትንሽ ወደ ኋላ። ማንም በምልክት በሚናገርና በሚያየው ሰው መካከል እንዳይገባ። ጀርባሽን ለመስኮት አትስጪ፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ፊትሽ ይጨልማል፣ መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ፊት የንግግሩ ግማሽ ነው። ስትናገሪ ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደ ጠያቂው እያየሽ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥረሽ፣ እየቆምሽ።

አስተርጓሚው በስልክ ከሆነ፣ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አታስቀምጪው። ከድምፅ አሰሚዋ በክንድ ርቀት ይሁን፤ አለዚያ የሚሰማው የወንበር ጩኸት ብቻ ነው። ልጅሽን ወይም ታናሽ ወንድሟን አታስተርጉሚ። ልጅ ስለ ራሱ ትምህርት ቤት የሚባለውን አለስልሶ ወይም ቆርጦ ነው የሚያስተላልፈው፣ ሸክሙም አይገባውም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ቡድን አትጠብቂ፤ የልጅሽን የግል ጉዳይ መፍታት አይችሉም። የንግግር ሕክምና ሰዓቷ ተቀንሶ ከሆነ መንገዱ የአይ ኢ ፒ ቡድን ነው፤ ካልሆነ ለሜሪላንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ። አቤቱታው ድርጊቱ በተፈጸመ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ መልሱም በ60 ቀን ይሰጣል። ለጎብኚው ቡድን የምትነግሪው የብዙ ቤተሰብ የሆነውን ነው።

የቤተሰብ ዜናውን በሚመለከት፣ ጽሑፉ ኢሜይሉ ላይ ካለ ማስተርጎም ቀላል ነው። ፖስተር ወይም እንደ ፎቶ የተላከ ፒ ዲ ኤፍ ከሆነ የኢሜይሉ መተርጎሚያ አያነበውም፤ ስክሪንሾት አንሥተሽ በጉግል ሌንስ አሳዪው፣ ወይም ጽሑፉን ለብቻ እንዲልኩ ጠይቂ። በኤ ኤስ ኤል የተቀረጸ ቪዲዮ ሲሆን ከታች ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከምስሉ ጋር የተጋገረ ከሆነ አይተረጎምም፤ ለቪዲዮው መልእክት ጽሑፍ ጠይቂ። መጀመሪያ ቀኖቹን ፈልጊ፦ አይ ኢ ፒ፣ ፈተና፣ የመስማት ምርመራ፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ የኤ ኤስ ኤል ትምህርት። ይህን የመጨረሻውን አትዝለዪው፣ እባክሽ። ከእናቷ ጋር በቤት ውስጥ የምታወራበት ቋንቋ ነው።

መልእክቱ በአማርኛ እንዲመጣ ደግሞ የምዝገባ ቅጹን አስተካክዪ። ብዙ ወላጅ «የቤት ቋንቋ» ሲባል ልጁ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ክፍል ይገባል ብሎ ፈርቶ «እንግሊዝኛ» ይጽፋል። ከዚያ ሲስተሙ አስተርጓሚ አያዝም። የልጅሽን ቋንቋና የአንቺን ቋንቋ ለየብቻ አስመዝግቢ፤ የአንቺው «አማርኛ» ይሁን።

እዚያው ቅጽ ላይ፣ ለቡድኑም ስትናገሪ፣ ልጅሽ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ይዛ መምጣቷን በዪ። ቋንቋችን የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች በኩል ከኤ ኤስ ኤል ብዙ ስለወሰደ ምልክቶቿ በከፊል ይገጥማሉ። የጣት ፊደሉ ግን ሌላ ነው። እኛ ፊደሉን ነው የምናሳየው፤ የእጁ ቅርጽ ግዕዙን ይነግራል፣ ካዕብ ይሁን ራብዕ የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። «ሰላም» ስትል ሦስት የእጅ ቅርጽ ናት፣ ለምሳሌ «ላ»ን ከ«ለ» የሚለየው የእጇ እንቅስቃሴ ነው። በእንግሊዝኛው ግን አምስት ፊደል ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ «የጣት ፊደል አትችልም» ብሎ ሊጽፍባት ይችላል፤ እሷ ግን በአማርኛ አሳምራ ጽፋለታለች። ከአዲስ አበባ ጓደኞቿ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቅረጪና ከሚቀጥለው የቋንቋ ምዘና በፊት ለትምህርት ቤቱ ላኪ። የጓደኞቿ ፊት የሚታይ ከሆነ ቤተሰቦቻቸውን ቀድመሽ አስፈቅጂ።