የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፈረስ ልጄን ከሰው ያግባባው ይሆን?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ከነገረን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥቂት ቃላት ይናገራል፤ ከእኩዮቹ ጋር ግን አይጫወትም፣ ሲጠሩትም ዘወር አይልም። ዘንድሮ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ይዤው ስሄድ ያጌጠ ፈረስ ዐየና እጄን ለቆ ሄደ፤ ጋማውን እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆመ። ውጭ አገር የምትኖረው እኅቴ ይህን ስትሰማ፣ እዚያ ለእንዲህ ያሉ ልጆች በፈረስ ሕክምና እንደሚሰጥ ነግራኝ «እንጦጦ ወስደሽ አስጋልቢው» አለችኝ። ይጠቅመዋል ወይስ ገንዘቤን ነው የማባክነው? የንግግር ሕክምናውንስ አቋርጬ በዚህ ብተካውስ?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ የንግግር ሕክምናውን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። በፈረስ የሚታገዝ ሕክምና በተለመደባቸው አገሮችም ቢሆን በሌላው ክትትል ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም። ፈረስ ኦቲዝምን ያድናል የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ይራቁት።

ሕክምናው ስሙ የገነነው ከአንዲት ዴንማርካዊት ጋላቢ በኋላ ነው። ሊስ ሃርተል በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ወደ ኮርቻው የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው እያስፈለጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች። በዝግታ የሚራመድ ፈረስ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ፣ ሰውየው በእግሩ ሲሄድ እንደሚሆነው አድርጎ ስለሚያንቀሳቅሰው፣ በመጀመሪያ የታሰበው ለጡንቻና ለሚዛን ነበር። የመግባባት ክህሎት ጉዳይ ቆይቶ የመጣ ነው።

በዚህ በኩል ጥሩ ማስረጃ የምለው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን ጥናት ነው። ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆኑ፣ ኦቲዝም ያለባቸው 127 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ለ10 ሳምንታት ግልቢያ ሲማር፣ ሌላው ስለ ፈረስ እየተማረ፣ ነገር ግን ሕይወት ያለው ፈረስ ሳይነካ ቆየ። ለእነዚህኞቹ የቀረበላቸው የእውነተኛ ፈረስ ቁመት ያለው አሻንጉሊት ነበር። ይህን ብልሃት እወደዋለሁ፤ ከቤት መውጣቱ፣ አዲስ ሰው ማግኘቱና መመሪያ መቀበሉ ለሁለቱም ወገን አንድ ስለሆነ፣ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የፈረሱ ነው ለማለት ያስደፍራል። የጋለቡት ልጆች ቁጣቸውና ቅብጥብጥነታቸው ይበልጥ ቀንሶ፣ ከሰው ጋር መግባባታቸውና የሚናገሩት ቃል ብዛት ጨምሮ ተገኘ። ይሁንና ከመመዘኛዎቹ ከፊሉን የሞሉት ልጃቸው በየትኛው ቡድን እንደነበረ የሚያውቁ ወላጆች ስለሆኑ፣ ውጤቱን ጥቂት ቀነስ አድርጎ ማንበብ ይገባል።

ለመሆኑ ልጁ ከፈረስ ምን ይማራል? ትምህርቱን በቅርብ ብናየው እንዲህ ነው። ልጁ ኮርቻ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው ፈረሱን ይዞ ከፊት፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከግራና ከቀኝ ቆመዋል። ፈረሱ አይንቀሳቀስም፤ ልጁንም ማንም አይጎተጉተውም፣ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ልጁ «ሂድ» ሲል፣ ቃል ባይወጣው እንኳ የፈረሱን አንገት መታ መታ ሲያደርግ፣ ያን ጊዜ ፈረሱ ይራመዳል። የሰው ፊትና ድምፅ አንዳንዴ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ እንደ ልጅዎ ያለ ልጅ ግራ ይጋባል፤ እዚህ ግን ጠየቀ፣ ወዲያው ተመለሰለት። በሚቀጥለው ሳምንት «ሂድ»ን ለፈረሱ ሳይሆን ልጓሙን ለያዘው ሰው፣ ዐይኑን እያየ እንዲናገር ይደረጋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ከፈረሱ ወደ ሰውየው የሚያሻግረው አሠልጣኙ ነው፤ እኔ ከግልቢያው ይልቅ ለዚህኛው ክፍል ዋጋ የምሰጠውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ እንጦጦ ላይ ተከራይቶ አንድ ዙር መጋለብ መዝናኛ ነው፤ ሕክምና አንለውም። መዝናኛም ቢሆን አይናቅም፤ ጋማ እየዳሰሰ ጸጥ ላለ ልጅ ብዙ ነገር ነው። ከመሄድዎ በፊት ግን ልጁን ለሚከታተለው ሐኪም ያማክሩ፤ ክትትል ከሌለው፣ ለእርስዎ ቅርብ የሆነው የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አለው። በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ፣ የዳሌ ወይም የአከርካሪ ችግር፣ የእንስሳ ፀጉር አለርጂ ካለው ኮርቻ ላይ መውጣት አይገባውም። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም ልጨምር፦ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የአንገቱ አጥንት የላላ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይጋልብ።

በመጀመሪያው ቀን ባይጋልብ እመርጣለሁ። ግርግር በማይበዛበት የሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ፤ ያረጀ፣ ሰው የለመደ ፈረስ እንዲመረጥላችሁ ይጠይቁ፣ ልኩ የሆነ የራስ ቁርም አይርሱ። ከኋላ በኩል እንዳይጠጉ፣ ከትከሻው ጎን ቆመው የፈረሱን ፀጉር የሚቦርሽበትን ብሩሽ እርስዎ ይያዙት። ልጅዎ እጁን ሲዘረጋ ወዲያው አይስጡት፤ ዐይኑን ቀና እስኪያደርግ ወይም «ስጪኝ» እስኪል ድረስ ጥቂት ይታገሡ፣ ከዚያ ይስጡት። እንዴት እንደሆነም ይጻፉልን።