ክምችቱን ማን ነካው? በፖስትግሬስ የለውጥ ሎግ ስለማዘጋጀት

ሰላም ለቡድኑ አባላት። የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ የክምችትና የዋጋ መረጃ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዋጋ ሳይታሰብ ይለወጣል፣ የክምችቱ መጠን ከቆጠራው ጋር አልገጥም ይላል፣ ሠራተኞቹ ሲጠየቁ ግን ሁሉም «እኔ አልነካሁም» ይላሉ። ለውጡን የሚመዘግበው ሎግ በአፕሊኬሽኑ ኮድ ይጻፍ ወይስ በዳታቤዙ ውስጥ፣ ትሪገር (መረጃ ሲለወጥ ዳታቤዙ ራሱ የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም) ቢደረግስ ሥራውን አያዘገየውም ወይ ብለው ጠይቀዋል። መልሴ በዳታቤዙ ውስጥ፣ በትሪገር ይሁን የሚል ነው። ይሁን እንጂ ትሪገሩን መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለውጡን ያደረገውን ሰው ማንነት እስከ ዳታቤዙ ድረስ በማድረሱ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በአፕሊኬሽኑ ኮድ አይሁን ያልኩት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲስተም ስንሠራ ሎጉን የጻፍነው በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ነበር፤ ሠራተኛው በስክሪኑ ላይ «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫን ኮዱ ሒሳቡን ያስተካክልና ጎን ለጎን አንድ የሎግ ረድፍ ይጽፋል። አንድ ቀን አንዲት የማኅበሩ አባል ቀሪ ብድራቸው 42,500 ብር መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ይዘው መጡ፤ ሲስተሙ ግን 45,200 ይላል። ሎጉን ከፈትን፤ በዚያ ሒሳብ ላይ በወሩ ውስጥ አንድም ለውጥ አልተመዘገበም። የየሌሊቱን ባክአፕ በሌላ ሰርቨር ላይ እየመለስን ቁጥሩ የተለወጠበትን ቀን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ እንደታወቀው ከእኛው መካከል አንዱ ያልተመዘገበ የ2,700 ብር መቀጫ ለመጨመር በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ አንድ የአፕዴት (ረድፍ የሚቀይር) ትእዛዝ ጽፎ ነበር፤ ማጣሪያውን አላጠበበውምና የሴትዮዋን ረድፍም አብሮ ነካው። ሌብነት አልነበረም። ሆኖም በስክሪኑ በኩል ያላለፈ ለውጥ ሁሉ ለሎጋችን እንደማይታየው የተረዳነው ያን ዕለት ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ለሎጉ የተለየ ስኪማ (በዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዦች የሚሰበሰቡበት ክፍል) ይክፈቱና በውስጡ አንድ ሠንጠረዥ ይፍጠሩ። ዓምዶቹ የተነካው ሠንጠረዥ ስም፣ የረድፉ መለያ ቁጥር፣ የድርጊቱ ዓይነት፣ ከለውጡ በፊት የነበረው ረድፍ፣ ከለውጡ በኋላ ያለው ረድፍ፣ ለውጡን ያደረገው ሰው፣ የገባበት የዳታቤዝ አካውንት፣ ሰዓቱና የትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሻሩ ለውጦች ስብስብ) ቁጥር ናቸው። የቀድሞውንና የአሁኑን ረድፍ በጄሰንቢ ዓይነት (የዓምዶቹን ስምና ይዘት አንድ ላይ በሚይዝ ቅርጽ) እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ፤ አንዱ የትሪገር ፈንክሽን ለሁሉም ሠንጠረዥ ያገለግላል፣ ነገ አዲስ ዓምድ ቢጨመርም ፈንክሽኑን መንካት አያስፈልግም። ትሪገሩ ከለውጡ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚነሣ ይሁን። ለአፕዴት በሚሠራው ላይ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ረድፍ በእርግጥ ይለያዩ እንደሆነ የሚያጣራ ቅድመ ሁኔታ ያክሉ፤ ብዙ አፕሊኬሽኖች ምንም ሳይቀየር «አስቀምጥ» ስለተጫነ ብቻ አፕዴት ይልካሉና ሎጉ በከንቱ ረድፍ ይሞላል። የፓስወርድ ሐሽ (ወደ ስውር መልክ የተለወጠ ፓስወርድ) እና የመሳሰሉት ዓምዶች ከጄሰንቢው ላይ ተቀንሰው ይግቡ። የትራንዛክሽኑ ቁጥር ትርፍ ሊመስልዎ ይችላል፤ በአንድ ሽያጭ የተነኩትን የደረሰኝ፣ የክምችትና የሒሳብ ረድፎች አንድ ላይ ሰብስቦ ማየት ሲያስፈልግ ግን ያለ እሱ አይሆንም።

ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በአንድ አካውንት ነው፤ አሥራ አምስት ሠራተኛ ቢኖርም ዳታቤዙ የሚያየው አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው። በትሪገሩ ውስጥ የዳታቤዙን አካውንት ስም ብቻ የመዘገበ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሎጉን ሲከፍት በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የአፕሊኬሽኑን ስም ያገኛል፤ ይህም «እኔ አልነካሁም» ከሚለው መልስ በምንም አይሻልም። መፍትሔው አፕሊኬሽኑ እያንዳንዱን ትራንዛክሽን እንደከፈተ የገባውን ሠራተኛ መለያ «ሴት ኮንፊግ» በሚባለው ፈንክሽን ለዳታቤዙ እንዲነግር፣ ትሪገሩም በ«ከረንት ሴቲንግ» እንዲያነበው ማድረግ ነው። የቅንብሩን ስም የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፤ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ሁለት ክፍል ስም መሆን ብቻ አለበት። «ሴት ኮንፊግ» ሦስት ነገሮችን ይቀበላል፤ ሦስተኛው «እውነት» ከተባለ የተነገረው ስም የሚቆየው ትራንዛክሽኑ እስኪያልቅ ብቻ ነው፣ «ሐሰት» ከተባለ ግን ኮኔክሽኑ (አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር የከፈተው ግንኙነት) እስኪዘጋ ድረስ ይቀመጣል።

እኛ ወደ ትሪገር ከዞርን በኋላ «ሐሰት» ብለን ትተናት ነበር። ኮኔክሽኖቹን የሚያከፋፍለው ፒጂባውንሰር የተባለው ፕሮግራም በትራንዛክሽን ሁነታ (አንድ ትራንዛክሽን ባለቀ ቁጥር ኮኔክሽኑን ለሌላ በመስጠት) ይሠራ ስለነበር አንዱ ሠራተኛ የተጠቀመበት ኮኔክሽን የእሱን ስም እንደያዘ ለሚቀጥለው ይሰጣል። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሲስተሙን ዘግታ ለምሳ ወጥታ ሳለ፣ 6 ሰዓት ከ20 ላይ በእሷ ስም የወለድ ማስተካከያ ተመዘገበ። ማስተካከያውን ያደረገው ስሙን የማያሳውቅ አንድ አውቶማቲክ ሥራ ነበር፤ የእሷን ስም ከኮኔክሽኑ ላይ ወረሰ። ልጅቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊደርሳት ምንም አልቀራትም፤ የዳናት በዚያው ደቂቃ ውስጥ ሁለት መቶ ረድፍ የተቀየረ መሆኑን፣ ይህም በእጅ ሊሠራ እንደማይችል ማየታችን ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋ ቃል ሁልጊዜ «እውነት» ትሁን፤ አውቶማቲክ ሥራዎችም እንደ ሰው የየራሳቸው ስም ይሰጣቸው።

ስሙ ሳይነገር ለውጥ ቢመጣስ? በአፕሊኬሽኑ አካውንት የመጣ ከሆነ ትሪገሩ ስህተት አንሥቶ ለውጡን እንዲከለክል አድርገናል። መጀመሪያ ላይ ዲቨሎፐሮቹ አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ስም የማያሳውቁ የተረሱ የኮድ መንገዶች በሙከራ ሰርቨሩ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለቅመው ወጡ። እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች፤ ቅንብሩ በዚያ ኮኔክሽን ላይ አንድ ጊዜ ለትራንዛክሽን ተሰጥቶ ካለፈ በኋላ ሲነበብ የሚመልሰው ነል (ምንም እሴት የለም የሚል ምልክት) ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ነው፤ ማጣሪያዎ ሁለቱንም ያስብ። በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የግል አካውንት ይክፈቱ፤ «ፖስትግሬስ» የሚባለውን የጋራ አካውንት ፓስወርድ አምስት ሰው የሚያውቀው ከሆነ ሎግ ስለማዘጋጀት ከማሰብ በፊት እሱን ይቀይሩ። ትሪገሩ የሚመዘግበውም «ሴሽን ዩዘር» የሚባለውን (ሰውየው የገባበትን አካውንት ስም) ይሁን፤ ፈንክሽኑ በባለቤቱ ሥልጣን የሚሠራ ሲሆን «ከረንት ዩዘር» የባለቤቱን ስም ነው የሚሰጠው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ የሰዓት ቀጠና የሚያውቀውን የጊዜ ዓይነት ይጠቀሙ፤ ማሳያውን በአዲስ አበባ ሰዓት ያድርጉት። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ የቅርንጫፉ ኃላፊ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሆነ ነው» አሉን፤ እኛም ከሎጉ ላይ 8 ሰዓትን ፈልገን ምንም አጣን። ሰርቨሩ የሚያሳየው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለነበር የእሳቸው 8 ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 14፣ በሎጉ ላይ ደግሞ 11 ነበር። በተጨማሪም «ናው» የሚለው ፈንክሽን ትራንዛክሽኑ የተጀመረበትን ሰዓት እንጂ ረድፉ የተቀየረበትን ቅጽበት አይሰጥም፤ ረጅም ትራንዛክሽን ካለዎት «ክሎክ ታይምስታምፕ»ንም ጨምረው ይመዝግቡ።

ሎጉን ከሚመዘገቡት ሰዎች እጅ ማራቅም ያስፈልጋል። የሎጉ ሠንጠረዥ ባለቤት ማንም በእለት ሥራው የማይገባበት የተለየ አካውንት ይሁን፤ የትሪገሩ ፈንክሽን በዚያ ባለቤት ሥልጣን እንዲሠራና የፍለጋ መንገዱም (ዳታቤዙ ስሞችን የሚፈልግባቸው ስኪማዎች ዝርዝር) በፈንክሽኑ ላይ እንዲታሰር ያድርጉ፤ የአፕሊኬሽኑ አካውንት በሎጉ ላይ አፕዴትም ዲሊትም (መሰረዝም) አይፈቀድለት። የረድፍ ትሪገር ትራንኬትን እንደማያይ አይርሱ፤ ሙሉ ሠንጠረዥ ባዶ ቢደረግ ሎጉ ዝም ይላል። ስለዚህ ወይ መብቱን ይከልክሉ ወይ ለትራንኬት የተለየ ትሪገር ያስቀምጡ። ሱፐርዩዘር (በዳታቤዙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው) የሆነ ሰው ግን ትሪገሩን አጥፍቶ ሠርቶ መልሶ ሊያበራው ይችላል፤ ይህን ከዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ መከልከል አይቻልም። እኛ ያደረግነው ፒጂኦዲት የተባለውን ተጨማሪ ሞጁል ተክለን የሠንጠረዥና የመብት ለውጥ ትእዛዞችን በሰርቨሩ የጽሑፍ ሎግ ላይ ማስመዝገብና ያንን ጽሑፍ የዳታቤዙ አስተዳዳሪ ወደማይገባበት ሌላ ሰርቨር ወዲያው መላክ ነው። ፒጂኦዲት የተጻፈውን ትእዛዝ እንጂ የቀድሞውን ቁጥር ስለማይዝ የትሪገሩ ምትክ አይሆንም።

ያዘገያል ወይ ለሚለው፣ ሰው በስክሪን ላይ በሚሠራው ፍጥነት አይታወቅም። የሚታወቀው በጅምላ ሲቀየር ነው፤ 300,000 ረድፍ ያለው የዋጋ ዝርዝር በአንድ ትእዛዝ ቢስተካከል ፈንክሽኑ 300,000 ጊዜ ይጠራል። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ የአንድ ትእዛዝ ለውጦችን በሙሉ በአንድ ጥሪ የሚቀበል የትእዛዝ ደረጃ ትሪገር መጻፍ ስለሚቻል ለእንዲህ ያሉት ሠንጠረዦች እሱን ይምረጡ። ሎጉን ከመጀመሪያው በወር በወር በፓርቲሽን (በተነጣጠሉ ክፍሎች) ይክፈሉት፤ በኋላ አሮጌውን ወር መንቀል የቅጽበት ሥራ ይሆናል፣ በዲሊት ማጽዳት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። የደንበኞች ስምና ስልክ ያለባቸው ረድፎች ወደ ሎጉ ሲገለበጡ እዚያም የግል መረጃ መሆናቸው እንደማይቀር ልብ ይበሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የማቆያ ጊዜውን ከሕግ ክፍላችሁ ጋር በጽሑፍ መወሰን ይገባል።

አንድ ሌላ አባል ከዳታቤዙ የዋል ፋይል (ዳታቤዙ ለውጦችን ሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍበት ፋይል) ለውጡን የሚያነበውን ዴቤዚየም የተባለ መሣሪያ ጠቁመዋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን አንባቢው ሲቆም የማባዣ ስሎቱ (አንባቢው የት እንደደረሰ በዳታቤዙ ላይ የሚያዘው ምልክት) ያልተነበቡትን ፋይሎች እየያዘ ዲስኩን ይሞላል፤ ከስሪት 13 ጀምሮ ለዚህ ገደብ ማበጀት ቢቻልም ገደቡ ሲያልፍ የጠፋው ለውጥ አይመለስም። ደግሞም የሠራተኛውን ስም በራሱ አያውቅም። ማይኤስኪውኤል ለምትጠቀሙ፣ በስሪት 8.0 በፎረን ኪይ ካስኬድ (ዋናው ረድፍ ሲጠፋ የተያያዘው አብሮ እንዲጠፋ በሚያደርገው ደንብ) የሚጠፋ ረድፍ ትሪገር እንደማያስነሣ እወቁ፤ በፖስትግሬስ ግን ያስነሣል።

ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት የአንድ መድኃኒት ዋጋ በስክሪኑ በኩል፣ ቀጥሎ በግል አካውንትዎ በቀጥታ፣ ቀጥሎም በአውቶማቲክ ሥራው ይቀይሩና ሎጉን ይክፈቱ፤ ሦስቱ ረድፎች ሦስት የተለያዩ ስሞችን መያዝ አለባቸው። ይህንኑ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ እየሠራ ሳለ ይድገሙት፤ የኮኔክሽኑ ስህተት አንድ ሰው ብቻ ሲሞክረው አይታይም። የትኛውን የፖስትግሬስ ስሪት እንደምትጠቀሙና በመካከል ፒጂባውንሰር ይኑር አይኑር ከጻፉልኝ የእኛን የትሪገር ፈንክሽን ለእናንተ በሚስማማ መንገድ አስተካክዬ እዚሁ እለጥፋለሁ።