የወጪ መጋራት ዕዳን ውጭ አገር ሆኖ ስለ መክፈል፦ ከሻርጃ ለጠየቀችው እህታችን የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። በ2009 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቀሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራሽ በኋላ ወደ ኤምሬትስ መምጣትሽን፣ ሻርጃ ውስጥ በካሸርነት ስትሠሪ ቆይተሽ አሁን አሠሪሽ ወደ ሂሳብ ክፍል ሊያዛውርሽ ፈልጎ የተረጋገጠ ኦርጅናል ዲግሪ እንዳስጠየቀሽ፣ ዲግሪው ግን ወደ 11 ሺህ ብር በሚጠጋ ቀሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ዘንድ እንደ ተያዘ ጽፈሻል። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው፤ ዕዳውን ከዚህ ሆነሽ በየወሩ ለመክፈል ይቻል እንደ ሆነ፣ ዲግሪውን ወንድምሽ ሊረከብልሽ ይችል እንደ ሆነ፣ እንዲሁም በ1,500 ድርሃም «ውክልናም አያስፈልግም፣ ሁሉንም ጨርሼ አመጣልሻለሁ» ያለሽን ሰው ብታምኚው ይሻል እንደ ሆነ። እኔ ይህንኑ መንገድ በ2010 ዓ.ም. ከአቡ ዳቢ ሆኜ ስለ ሄድሁበት፣ የደረሰብኝንም ጨምሬ እጽፍልሻለሁ።

በመጀመሪያ ዕዳው በምን መልክ እንደ ተሠራ ማወቅ ይጠቅምሻል። ከ1995 ዓ.ም. በፊት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ምግቡም፣ መኝታውም፣ ትምህርቱም በነፃ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ይህንንም ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እስከ 15 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ እንዲመልስ ወሰነ። ሁላችንም በየዓመቱ በምዝገባ ቀን ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ሳናነብ የፈረምንበት ወረቀት የዚህ ውል ነው። እንግዲህ አሠራሩ የታሰበው አገር ውስጥ ደመወዝ ለሚበላ ሰው ነው፤ ቆራጩ አሠሪው ነው፣ ተቀባዩ ገቢዎች ነው፣ ተመራቂው ፔይሮሉ ላይ ከመፈረም በቀር የሚሠራው ነገር የለም። አንድ ሰው ከአገር ሲወጣ ግን ቆራጭ የሚባል አካል ይጠፋል፣ ዕዳው ባለበት ይቆማል፣ መንግሥትም በእጁ የሚቀረው መያዣ ኦርጅናል ዲግሪሽና ትራንስክሪፕትሽ ብቻ ነው። አገር ቤት በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ፣ ሥራ መቀጠር ስለሚቻል ብዙዎቻችን ይህን የምናስታውሰው እንዳንቺ የውጭ አሠሪ ኦርጅናሉን ሲጠይቀን ነው።

በየወሩ ስለ መክፈል ላነሣሽው፣ እኔ አልመክርሽም። እያንዳንዱ ክፍያ አንድ ሰው መስኮት ፊት ቆሞ ደረሰኝ እንዲቀበልልሽ ይፈልጋል፤ ወንድምሽን በዓመት 12 ጊዜ ከሥራው ታስቀሪዋለሽ፣ ዲግሪው ደግሞ የመጨረሻዋ ብር እስክትከፈል ድረስ አይለቀቅም። ገንዘቡንም በድርሃም አስልተሽ እዪው። እኔ በከፈልሁበት ጊዜ ዶላር በ27 ብር ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር 19,120 ብር ቀሪ ዕዳዬ ወደ 2,600 ድርሃም ሆኖብኝ ነበር፤ በፎርማን ደመወዝ ለዚያ የሁለት ወር ቁጠባ አስፈልጎኛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን፣ አንድ ዶላር 100 ብር ብቻ ነው ብለን እንኳ ብናሰላው ያንቺ 11 ሺህ ብር 400 ድርሃም ገደማ ነው። የብር መውደቅ አገር ቤት ላለው ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ እናቶቻችን በየስልኩ ይነግሩናል፤ በብር ለተጻፈ ዕዳ ግን ውጭ የሚሠራውን ሰው ሸክም አቅልሎለታል። እኔን ውሌ ላይ ከፈረምሁት ብር በላይ የጠየቀኝ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ክፈይው። ገንዘቡን በባንክ ሐዋላ በወንድምሽ ሂሳብ ላኪው፤ ለ400 ድርሃም የጥቁር ገበያ ልዩነት ማሳደድ ለኋላ ጭንቀት ካልሆነ በቀር የሚያተርፍሽ ነገር የለም።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። እኔን ያሰቃየኝ ግን ብሩ ሳይሆን መዝገቡ ነበር። እኔም እንዳንቺ ከመምጣቴ በፊት 14 ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቼ በየወሩ 240 ብር ይቆረጥብኝ ስለ ነበር፣ የአምስት ዓመት ውሌ ከሚለው 22,480 ብር ላይ 3,360 ብር የከፈልሁ መስሎኝ ተቀምጫለሁ። እኅቴ ገቢዎች ቅርንጫፍ ሄዳ ቀሪውን ስታስጠይቅ መዝገቡ ላይ የተገኘው የዘጠኝ ወር ቅናሽ ብቻ ነበር። ደውላ ስትነግረኝ ሳይት ላይ ነበርሁ፤ ከሙቀቱ የተነሣ ስልኩ ከጆሮዬ ጋር እየተጣበቀ «በይ እንደገና ይዩት፣ በይ እንደገና ይዩት» እያልሁ ስጮኽባት ትዝ ይለኛል፤ ምንም ባላጠፋች። ነገሩ ሲጣራ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ፋይናንስ ክፍል ለአምስት ወር ያህል የቲን ቁጥሬን የመጨረሻ ሁለት አኀዞች አቀያይሮ ጽፎ ኖሯል። ብሩ ከእኔ ተቆርጧል፣ ወደ መንግሥት ካዝናም ገብቷል፤ ግን በእኔ ስም አይደለም።

እኅቴ ከአዲስ አበባ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ወዳለበት ከተማ በአውቶቡስ ሄደች። ፔይሮሉን ይሠራ የነበረው ሰው ተዛውሯል፤ አዲሱ የሒሳብ ሹም «ሰነዱ ግምጃ ቤት ነው፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» አሏት፤ በማግሥቱ ስትመለስ ኃላፊው መጥተው ሲስተም የለም ተባለች። በሦስተኛው ቀን ግምጃ ቤት ያሉ አንድ እናት አዝነውላት፣ በሲባጎ የታሰሩትን የፔይሮል ጥራዞች አብረዋት እየፈቱ ወሩን በወሩ አገኙላት። የፔይሮሉ ቅጂ፣ ገንዘቡ ገቢ የተደረገበት ደረሰኝ ቅጂና የመሥሪያ ቤቱ የማስተካከያ ደብዳቤ ተያይዞ ገቢዎች ከደረሰ በኋላ በ11 ቀን ታረመ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ድካም ለ1,200 ብር ነበር፣ የእኅቴ ትራንስፖርትና አልጋ ብቻ 900 ብር ፈጅቷል። ዛሬ ቢሆን ኖሮ የጠፋውን አምስት ወር ደግሜ ከፍዬ እገላገል ነበር። መብት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ቀነ ገደብ ላለበት ሰው ግን ሦስት ሳምንት ከ1,200 ብር ይበልጣል። ያንቺ 14 ወር በሙሉ ከመዝገቡ ጠፍቶ ከተገኘ ወይም የደመወዝ ወረቀቶችሽ በእጅሽ ካሉ ተከታተይው፤ ሁለትና ሦስት ወር ብቻ ከሆነ ግን ክፈይና እለፊ። ለማንኛውም 11 ሺህ ያልሽው በራስሽ ስሌት ከሆነ አትመኚበት፤ ወንድምሽ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው የጠቅላላ ዕዳሽን ደብዳቤ፣ ከገቢዎች ደግሞ እስካሁን የተመዘገበልሽን ክፍያ ይጠይቅ። ሲከፍልም ደረሰኙ በአንቺ ስምና በአንቺ ቲን ቁጥር መቆረጡን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ያረጋግጥ፤ የእኔን ደረሰኝ ገንዘብ ያዡ ከፊቱ የቆመችውን ሰው ስም ብሎ በእኅቴ ስም ሊጽፈው ሲል ነው የደረሰችበት።

ወንድምሽ ሊረከብልሽ ይችላል፣ ነገር ግን በውክልና ነው፤ ውክልናው ላይ ያለው ቃል ደግሞ ወሳኝ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ለቤት ጉዳይ ለእኅቴ የሰጠሁት «ማናቸውንም ጉዳዬን እንድትከታተል» የሚል ውክልና ስለ ነበረ ይበቃል ብዬ ተዘናግቼ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ያሉት ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡት በኋላ «ዲግሪ መረከብ የሚል አላየሁም» ብለው መለሱላት። ተቆጥቼባቸው ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የሰውን ዲግሪ ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ሠራተኛ መኖሩ አላስከፋኝም። ስለዚህ ዱባይ ወዳለው ቆንስላችን ስትሄጂ፣ የወጪ መጋራት ዕዳ እንዲከፍል፣ ደረሰኝና ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት) እንዲቀበል፣ ኦርጅናል ዲግሪና ትራንስክሪፕት ፈርሞ እንዲረከብ፣ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲያረጋግጥ የሚሉት እያንዳንዳቸው በስማቸው እንዲጻፉ አድርጊ። የወንድምሽ ስም እስከ አያት፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል ለፊደል ይሁን። ውክልናው አገር ቤት እንደ ደረሰ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ይህ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ይዞት ቢሄድ ይመልሱታል።

ሌላው የስም ነገር ነው። የአባቴ ስም በ«ው» የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ዲግሪው ላይ ሊታተም የተዘጋጀው በእንግሊዝኛው «ዩ» ነበር፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ደግሞ በ«ደብልዩ» ነው። አገር ቤት ይህን ልብ የሚል ሰው የለም፤ እዚህ ግን የሰው ኃይል ክፍሉ ፊደል ቆጥሮ የሚያየው እሱን ነው። እኅቴ የፓስፖርቴን ቅጂ ይዛ ስለ ሄደች ከመረከቧ በፊት አይታው ተስተካክሎ ታተመ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወንድምሽም የፓስፖርትሽን ቅጂ ሳይዝ ሬጅስትራር እንዳይሄድ። ዲግሪውን ሲረከብ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ላሚኔት እንዳያስደርገው አስጠንቅቂው፤ ፕላስቲክ በተለበጠ ወረቀት ላይ ማኅተም አይመታም፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ሁሉም ማኅተም ነው። የትምህርት ማስረጃን ከሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለው የኤምሬትስ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም እዚህ ወደ ኤምሬትስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል።

ስለ 1,500 ድርሃሙ ሰው። ጉዳይ ገዳይ ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ ተሰልፎ ቆሞ የድካሙን የሚያስከፍል ሐቀኛ ሰው አለ፣ ወንድም እኅት ለሌለው ሰውም አስፈላጊ ነው። አንቺ ግን ወንድም አለሽ፣ የተጠየቅሽው ደግሞ ከዕዳው አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ ነው። ከዚያም በላይ ያሳሰበኝ «ውክልናም አያስፈልግም» ማለቱ ነው። ያለ ውክልና ከሬጅስትራር የሚወጣ ኦርጅናል የለም፤ እንግዲህ ይዞልሽ የሚመጣው ወረቀት ከየት የወጣ ሊሆን እንደሚችል አስቢው። የእኔ አሠሪ ዲግሪዬን ከተቀበለ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው በኢሜይል ጽፎ አረጋግጧል፤ ያንቺውም እንዲሁ ቢያደርግ የሚጠየቀው ያ ሰው አይደለም።

የጊዜውን ነገር ደግሞ አቅልለሽ እንዳታዪው። አሠሪዬ ለሳይት መሐንዲስነት ቦታ ዲግሪዬን እንዳቀርብ የሰጠኝ ሁለት ወር ነበር። ነገሩን በየካቲት ጀምሬ የጨረስሁት በሰኔ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ጊዜ የበላው ለሁለተኛ ጊዜ የተላከው ውክልናና የስሙ እርማት ነው። የሳይት መሐንዲስነቱ ቦታ በሚያዝያ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ እኔም ዲግሪዬን ይዤ ሌላ ቦታ እስኪከፈት ሰባት ወር በፎርማንነት ቆየሁ። በዚያ ሰባት ወር ያጣሁት የደመወዝ ልዩነት ከጠቅላላ ዕዳዬ ብዙ እጥፍ ነበር። ስለዚህ አሠሪሽን በጽሑፍ የአራት ወር ጊዜ ጠይቂው፤ ጥያቄሽ ላይ ዕዳው እንደ ተከፈለ የሚያሳየውን ደረሰኝ ብታያይዢበት ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ ደረሰኙ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የሚገኝ ወረቀት ነው።

ቆንስላው ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ወንድምሽ ሬጅስትራር ደውሎ ወይም ሄዶ ውክልናው ላይ ምን ምን ቃል እንዲኖር እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸው፣ የሚሉትንም ቃል በቃል ይጻፍልሽ። የገቢዎች መዝገብ ስንት ወር እንዳሳየ ካወቅሽ በኋላ እዚሁ ጻፊልን፤ ከፔይሮሉ ጋር ካልገጠመ እኅቴ ያስጻፈችውን የማስተካከያ ደብዳቤ ቅጂ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ ስሙን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።