የመትረየስ ነው ወይስ የመድፍ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ መውጫ ላይ ነው። ለአጥር መሠረት ስናስቆፍር ሠራተኞቹ ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ፣ ግርጌው ወፈር ብሎ ጫፉ የሾለ፣ የዛገ ነገር አወጡ። አንዱ ጎረቤቴ የመትረየስ ጥይት ነው ሲል ሌላው የመድፍ ነው ይላል፤ ቁራሌው ደግሞ ልግዛው ብሎኛል። ለመሆኑ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከገለጻዎ የመካከለኛ መድፍ ጥይት ይመስላል። ስለዚህ ከቁራሌው ጋር የጀመሩትን ድርድር ትተው፣ ነገሩን ሳይነኩ ባለበት አቆይተው፣ ልጆች እንዳይቀርቡት አድርገው ለአካባቢዎ ፖሊስ ያሳውቁ። የሚከተለውን ከዚያ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል።

የጎረቤቶችዎ ክርክር መነሻ አለው፤ መካከለኛ መድፍ እንደ መትረየስ ሳያቋርጥ የሚተኩስ መድፍ ነውና። በተለምዶ የአፈሙዙ ስፋት ከ20 ሚሊሜትር በታች የሆነው ጠመንጃና መትረየስ፣ ከ20 እስከ 40 (አንዳንዶች እስከ 57 ያደርሱታል) የሆነው ደግሞ መካከለኛ መድፍ ይባላል። ዋናው ልዩነት ግን በአረሩ ሆድ ውስጥ ነው፤ የክላሽ አረር ድፍን ሲሆን የመድፉ አረር አብዛኛውን ጊዜ ፈንጂና ፈንጂውን የሚያስነሣ ፊውዝ ይይዛል። በ1868 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ከ400 ግራም በታች የሚመዝን ፈንጂ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማምተው ነበር፤ የ37 ሚሊሜትሩ አረር 450 ግራም ገደማ የሆነውም ከዚህ ወሰን እንዲያልፍ ነው ይባላል። አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ግን ወሰኑን ያስታወሰው የለም፤ ዙ-23 የተባለው ፀረ አውሮፕላን መድፍ አረር 200 ግራም እንኳ አይሞላም።

ሶቪየት ሠራሹ ዙ-23 በሁለት አፈሙዙ በደቂቃ እስከ 2,000 ጥይት የመተፋት አቅም ያለው ሲሆን፣ የተሠራው እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ዝቅ ብሎ የሚበርን አውሮፕላን ለመምታት ነው፤ ዛሬ ግን በፒካፕ ላይ ተጭኖ በእግረኛ ላይም ሲተኮስ ይታያል። ቢኤምፒ-2 የተባለው ብረት ለበስ የያዘው 30 ሚሊሜትር መድፍ ደግሞ ብረት የሚበሳውንና የሚፈነዳውን ጥይት በሁለት መስመር ስለሚጎርስ፣ ተኳሹ እንደ ዒላማው ይመርጣል። መካከለኛ መድፍ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያን አውሮፕላኖች ለመከላከል የተሰለፉት ኦርሊኮን የተባሉ ጥቂት መድፎች 20 ሚሊሜትር ነበሩ።

አንዳንዶች ከቀለሁ ግርጌ ያለችው መቀጣጠያ ከተወጋች ጥይቱ ሞቷል ይላሉ። ይህ አደገኛ ስህተት ነው፤ ተመትቶ ያልተነሣ ጥይትም ያው የመወጋት ምልክት ይኖረዋል። በየሳሎኑ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ የሚታየው አፉ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለህ ነው። የእርስዎ ግን ጫፉ የሾለ ነው ብለዋልና አረሩ ገና ከቀለሁ አልወጣም ማለት ነው።