ስለ ቆዳ ለበሱ የባህር ኤሊ፦ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሌዘርባክ ስለሚባለው ግዙፍ የባህር ኤሊ ማንኛውንም ጥያቄ ጣሉ ብዬ ነበር። እነሆ።

ጥያቄ፦ ፎቶውን አየሁት። ቅርፊቱ የት ሄደ? እውነት ኤሊ ነው?

ኤሊ ነው። ከባህር ኤሊዎች ሁሉ ጠንካራ ቅርፊት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ጀርባውን የሚሸፍነው ጎማ የመሰለ ጥቁር ቆዳ ነው፤ ከሥሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አጥንቶች ተገጣጥመዋል። ከአንገቱ ወደ ጭራው ሰባት ሸንተረሮች ይወርዳሉ።

ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 500። በ1988 እ.ኤ.አ. ዌልስ ሃርሌክ አካባቢ ሞቶ የተገኘው ወንድ ግን 916 ኪሎ ነበር። ዛሬ ካርዲፍ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ቢበላ ነው እንዲህ የሚገዝፈው?

ጄሊፊሽ የሚባለውን ዝልግልግ የባህር እንስሳ! እኔን በጣም የሚገርመኝም ይሄ ነው። ጄሊፊሽ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው፤ እንኳን ሊያወፍር፣ የሚያጠግብም አይመስልም። ስለዚህ ብዙ መዋጥ አለበት። ምሥራቅ ካናዳ ላይ የተጠኑት በቀን በአማካይ 330 ኪሎ ገደማ ሲበሉ ተገኝተዋል። አፉን ከፍታችሁ ብታዩ ትደነግጣላችሁ፤ ጉሮሮው ሙሉ ወደ ውስጥ ያጋደለ እሾህ ነው። የሚያዳልጠው ምግብ ተመልሶ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ችግሩ፣ የዋጠው ፌስታል ከሆነም መውጫ የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካናዳ ብርድ ነው። በደረቱ የሚሳብ እንስሳ እዚያ ምን ይሠራል?

ጄሊፊሹ ያለው እዚያ ነዋ! ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሎቹ የባህር ኤሊዎች በዚያ ውሃ ይደነዝዛሉ። እሱን ግዝፈቱ ይረዳዋል፤ ትልቅ አካል ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስብ አለው። ዋናው ዘዴ ግን መቅዘፊያ እግሮቹ ሥር ነው፦ ወደ እግሩ የሚሄደው ሙቅ ደም ከእግሩ ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ሙቀቱን ያቀብለዋል። በዚህ ሁሉ ተደግፎ ከውሃው እስከ 18 ዲግሪ የሚሞቅ አካል ይዞ ይዋኛል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይጠልቃል?

ከ1,200 ሜትር በላይ። ብዙውን ጊዜ ግን ያን ያህል አይወርድም።

ጥያቄ፦ ኦማን ነው የምኖረው። ራስ አል ጂንዝ እንቁላል ስትጥል ያየኋት እሷ ናት?

አይደለችም እህቴ። እዚያ የምትወጣው አረንጓዴዋ የባህር ኤሊ ናት፤ ጠንካራ ቅርፊት አላት። የቀይ ባህርም ነዋሪዎች በዋናነት አረንጓዴዋና ጭልፊት አፏ የሚሏት ሌላዋ የባህር ኤሊ ናቸው።

ጥያቄ፦ እንቁላል ስትጥል ታለቅሳለች የሚባለው እውነት ነው?

እንባ የሚመስል ይወርዳታል፤ ግን ከምጥ ጋር አይገናኝም። ዓይኗ አጠገብ ያለው ዕጢ ትርፍ ጨው የሚያስወግድበት መንገድ ነው። ባህር ውስጥም ይወርዳታል፣ እኛ አናይም እንጂ። ወደ 80 እንቁላል ትቀብርና አሸዋውን ወዲያ ወዲህ እየበተነች ቦታውን ታጠፋለች። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ደግማ ትመጣለች። ጫጩቶቹ ሴት ይሁኑ ወንድ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ተኩል ገደማ በላይ ከሞቀ ሴቶቹ ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው እየጠፉ ያሉት?

የማሌዥያዋን የባህር ዳርቻ ራንታው አባንግን እዩ። በ1950ዎቹ በዓመት 10,000 ገደማ የእንቁላል ጉድጓድ ይቆፈርባት ነበር። እንቁላሉን ሰው ለቅሞ ይበላው ነበር። ትልልቆቹ እናቶች በየጊዜው ስለሚመጡ ለዓመታት ነገሩ ሰላም መሰለ። እነሱን የሚተካ ግን አልነበረም፤ የዓሣ መረቡም ከባህር ላይ ያጋዛቸው ጀመር። ዛሬ እዚያ ጠፍተዋል ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አኳሪየም ውስጥ ማየት ይቻላል?

አይሆንም። ክፍት ውቅያኖስ የለመደ ፍጥረት ስለሆነ ግድግዳውን እየተጋጨ ይቆስላል። ማየት የፈለገ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ትሪኒዳድ፣ ግራንድ ሪቪዬር ይሂድ። የሚገባው በፈቃድና በአስጎብኚ ነው። የስልክ ፍላሽ ክልክል ነው፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።