ሆኪ ልግባ ወይስ ተራራ ልውጣ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? 31 ዓመቴ ነው። ቶሮንቶ ስምንት ዓመት ኖሬ በሥራ ዝውውር ካልጋሪ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። እዚያ እያለሁ ዘመድም ጓደኛም ሞልቶኝ ነበር። እዚህ ግን ኑሮዬ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሆኗል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ሰላም ተባብለን እንለያያለን። የመሥሪያ ቤቴ ሴቶች ሁለት ነገር ጋብዘውኛል። ረቡዕ ማታ የጀማሪዎች ሆኪ ቡድን አላቸው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሃይኪንግ ይወጣሉ። እኔ ስኬቲንግ በሕይወቴ ሞክሬ አላውቅም። ለአክስቴ ብነግራት «በደህና እግርሽ በረዶ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ዕዳውን ይከፍላል እንጂ!» አለችኝ። ለሁለቱም የሚሆን ጊዜም ገንዘብም የለኝም። የትኛውን ልምረጥ? ደግሞስ ሜዳው ላይ ጥቁር እኔ ብቻ ብሆን?
ብቸኛዋ ነኝ፣ ከካልጋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ሆኪውን ግቢ።

ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመክርሻል። «ሃይኪንግ ይሻልሻል፣ ጫማ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ መራመድ እንደሆነ ታውቂበታለሽ» ይሉሻል። ልክ ናቸው። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን የቸገረሽ ስፖርት ሳይሆን ሰው ነው።

እኔ ሁለቱንም እዚሁ ካልጋሪ አደርጋለሁ። ሆኪ የጀመርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ ልጄን ልምምድ አድርሼ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ሲሰለቸኝ ነው። ተራራውን ከዚያ በፊትም እወጣው ነበር። ሃይኪንግ ላይ አንድ ሰው ቢቀር ማንም አይጎዳም። ዓርብ ማታ ግሩፑ ላይ «ነገ አልችልም» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ሁለት ሰው አውራ ጣት ይልክልሻል፣ አለቀ። ብትሄጂም መንገዱ ቀጭን ነው፤ ተከታትላችሁ ነው የምትሄዱት። ፈጣኖቹ ከፊት ይጠፋሉ፣ አንቺ የማታውቂውን ሰው ቦርሳ እያየሽ ዳገቱን ትጨርሺያለሽ።

ሆኪ እንዲህ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚገባው አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ነው። አድካሚ ስለሆነ አንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይወጣና ሌላው ይተካዋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ መግባትና መውጣት ነው። እንዲህ እየተቀያየሩ ለመጫወት ከበረኛዋ ሌላ አሥር ሰው ቢገኝ ነው ደስ የሚለው። ሰባት ብቻ ከመጡ ያን ማታ መተንፈስ የለም። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልክሽ ይጮኻል። «ትመጫለሽ አይደል?» ጎበዝ ስለሆንሽ እንዳይመስልሽ፤ ቁጥር ስለምትሞዪ ነው። እኔ በበኩሌ ለቁጥር መፈለግን አልጠላውም።

ወሬው ደግሞ ያለው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ጨዋታው ማታ አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን (በሀበሻ ሰዓት ነው የምልሽ፤ ሕፃናቱ ከጨረሱ በኋላ የተረፈችው ሰዓት ናት ለአዋቂ ጀማሪ የምትደርሰው) ሴቶቹ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። አለባበሱ ተራ አለው። መጀመሪያ የቅልጥም መከላከያ፤ ግራና ቀኙ ይለያል። ከዚያ ረጅሙ ካልሲ፣ በላዩ ቴፕ ይጠመጠማል። ቁምጣው፣ የስኬቲንግ ጫማው፣ የደረትና የትከሻው፣ የክርኑ፣ ማሊያው፣ መጨረሻ ላይ ሄልሜቱ። አንቺ የክርኑን ትረሺና ማሊያውን ትለብሻለሽ። ጀማሪ ሁሉ ያደርገዋል። ያኔ ከጎንሽ ያለችው እየሳቀች ማሊያውን በራስሽ በኩል ትጎትትልሻለች። የጫማው ማሰሪያም የዋዛ አይደለም። ከጣቶችሽ በኩል ጀምረሽ በየቀዳዳው አጥብቀሽ መሳብ አለብሽ፤ ከላላ ቁርጭምጭሚትሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ መቆምም አትችዪም። የለመደች ሴት ተንበርክካ ታስርልሻለች። እግርሽ ሥር ተንበርክካ ጫማሽን ካሰረችልሽ ሴት ጋር በሰላምታ ብቻ መለያየት አይቻልም።

እሺ፣ ስኬቲንግ አልችልም ብለሻል። መቻል አለብሽ፤ ይህን አልዋሽሽም። በሚቀጥለው ረቡዕ ቀጥታ ሜዳ አትግቢ። ከተማው በራሱ የስኬቲንግ አዳራሾች ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፤ አንድ ዙር ተመዝገቢ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ኦሊምፒክ ኦቫል፣ ለ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) የክረምት ኦሊምፒክ የተሠራው፣ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት አለው፤ ጫማም ያከራያል። ክረምት ሲገባ ቦውነስ ፓርክ ያለው ኩሬ ይረጋል። በየሰፈሩ ደግሞ የነዋሪዎች ማኅበራት ውጭ ላይ ውኃ አርግተው የሚሠሯቸው ሜዳዎች አሉ፣ በነጻ ነው የሚገባው። ስትከራዪ የሆኪ ጫማ ብለሽ ጠይቂ። የትርኢት ስኬቲንግ ጫማ ስለቱ ፊት ላይ ጥርስ አለው፤ በእሱ መገፋት ከለመድሽ የሆኪውን ስታደርጊ በአፍጢምሽ ነው የምትደፊው።

ጉልበትሽን እጠፊ፤ ከምታስቢው በላይ እጠፊ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እሱ ነው ጅራት አጥንት የሚያሳምመው። ልትወድቂ እንደሆነ ካወቅሽ ወደ ጎን ውደቂ። ለመነሳት ተንበርከኪ፣ አንዱን ስለት በረዶው ላይ ትከዪ፣ ሁለት እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ተነሺ። ፍጥነትሽን ገትተሽ መቆምን ከመሮጥ በፊት ተማሪ፤ ሁለቱን ተረከዝ ወደ ውጭ ከፍተሽ በረዶውን መግፋት ነው። አጥሩን ይዞ መዞር ምንም አያስተምርም።

እስከዚያው ግን ረቡዕን አትቅሪ። ሄደሽ የተቀያሪዎቹን በር ክፈቺላቸው። ቀልዴን አይደለም። ተጫዋቾቹ ሲቀያየሩ በሩን በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሁሌ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት በር የከፈተችን ሴት ቡድኑ የራሱ ያደርጋታል። ጨዋታውንም እዚያው ትለምጅዋለሽ። ኦፍሳይድ ከእግር ኳሱ ይለያል፤ ፓኳ (በኳስ ፋንታ የምትመታው ጠፍጣፋ ጎማ) የተጋጣሚን ክልል የሚለየውን ሰማያዊ መስመር ሳታልፍ አንቺ ቀድመሽ ከገባሽ ኦፍሳይድ ነሽ። ሌላው እየገባሽ ይሄዳል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አክስትሽ ስለ ዕዳ ያለችውን አልንቀውም። ከሄልሜት በስተቀር ሁሉንም ያገለገለ ግዢ። ያደጉ ልጆች ያሏቸው ቤቶች ጋራዥ ሙሉ መከላከያ አላቸው፤ የመሥሪያ ቤትሽን ሴቶች መጀመሪያ ጠይቂ፣ ግማሹን በነጻ ታገኛለሽ። ሄልሜቱ ግን አዲስ ይሁን፣ የሲኤስኤ (የካናዳ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ምልክት ያለው፣ ፊትሽን ሙሉ የሚሸፍን ሽቦ ያለው። ጫማው ከመደበኛ ጫማሽ በቁጥር ያንሳል፤ ሰፊ ገዝተሽ በሁለት ካልሲ ልሙላው አትበዪ። የስቲኩ ጫፍ ጫማውን አድርገሽ ስትቆሚ አገጭሽ አካባቢ ይድረስ። ትልቁ ወጪ ዕቃው እንዳይመስልሽ፣ የሜዳው ኪራይ ነው። ለወቅቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚሰበሰበው፤ በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆነ የቡድኑን ገንዘብ ያዥ በግልጽ ጠይቂ። ነውር የለውም።

ለአክስትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት፦ በሴቶች ጀማሪ ጨዋታ በአካል መገጫጨት ክልክል ነው። ቴሌቪዥን ላይ ያየችው ድብድብ ሌላ ዓለም ነው። መውደቅ ግን አለ።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ። አዎ፣ በእናንተ ወንበር ላይ ጥቁር አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ። ከተማሽን ግን እወቂያት። የከተማሽ የሆኪ ቡድን፣ የካልጋሪ ፍሌምስ፣ አምበል ከ2003 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጃሮም ኢጊንላ ነበር፤ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። 12 ቁጥር ማሊያው በ2019 ለክብሩ ተሰቅሏል፣ ከእሱ በኋላ ማንም አይለብሰውም። በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ጥቁር ዊሊ ኦሪ ካናዳዊ ነው፤ ጥር ወር 1958 ለቦስተን ገባ፣ ያውም አንድ ዓይኑ ሳያይ። ከእሱ በፊት፣ በ1895፣ ሃሊፋክስ ላይ ጥቁሮች የራሳቸውን የሆኪ ሊግ አቋቁመው ነበር። አንድ ቀን «እናንተ ሆኪ ትጫወታላችሁ እንዴ?» የሚልሽ አይጠፋም፤ ያኔ የምትመልሺው ይኑርሽ። ሜዳ ላይ የሚያስቀይም ቃል ከሰማሽ ደግሞ ብቻሽን አትያዢው፣ ለአምበልሽ ንገሪ፣ እሷ ለዳኛው ትንገር።

አንድ ማንም የማይነግርሽ ነገር፦ ፀጉር። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ቀጭን ይሁን፣ ወደ ማጅራት የሚወርድ። አናት ላይ የተጠቀለለ ከሆነ ሄልሜቱ ይነሳል፣ የተነሳ ሄልሜት ደግሞ አይጠብቅሽም። ልትገዢ ስትሄጂ በምትጫወቺበት የፀጉር አሠራር ሂጂ። ከሥሩ ስስ የሳቲን ኮፍያ አድርጊ።

ተራራውን ተዪው አላልኩም። በወር አንድ ቅዳሜ በቂ ነው። ከካልጋሪ በስተ ምዕራብ ያለው የተራራ አገር፣ ካናናስኪስ፣ ከሆነ ከ2021 ጀምሮ ለመኪና የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ በቀን 15 ዶላር፣ በዓመት 90። በአንድ መኪና ተሰባስባችሁ ብትሄዱ ያዋጣል። የድብ ስፕሬይ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቀበቶሽ ላይ ወይም ደረትሽ ላይ፣ እጅሽ በቶሎ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። እያወራችሁ ሂዱ፤ ድቡ ድምፅ ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል። ስንቅሽ በሶና ቆሎ ይሁን። ለጾምም ይሆናል፣ አይበላሽም፣ ብርድ ላይ እንደ ቸኮሌት ድንጋይ አይሆንም። በሶውን እዚያው በውኃ በጥብጠሽ ለጓደኞችሽ አቅምሺ። መልኩን አይተው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ከዚያ አሠራሩን ይጠይቁሻል።

መጀመሪያ ውጪ የምልሽ ካንሞር ከተማ አጠገብ ያለውን ሃ ሊንግ የሚባለውን ተራራ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጫፉ ከ700 ሜትር በላይ ዳገት አለው፣ ስለዚህ በጋ ላይ፣ ጠዋት ጀምሪው። ጫፉ 2,407 ሜትር ነው። አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! ጓደኞችሽ እያለከለኩ የሚወጡት፣ ከሞላ ጎደል፣ የአራት ኪሎ ሰው ዳቦ የሚገዛበት ከፍታ ነው። አንቺ ግን አትኩሪ፤ ቶሮንቶ ስምንት ዓመት የከረመ ሳንባ አራት ኪሎን ረስቷል።

ሃ ሊንግ የሰው ስም ነው። ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ነበር። በ1896 ያንን ተራራ በአሥር ሰዓት ውስጥ ወጥቶ፣ ባንዲራ ተክሎ መመለስ አይችልም ተብሎ በ50 ዶላር ተወራረዱት። ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ደረሰ። አላመኑትም። ተጠራጣሪዎቹን አስከትሎ እንደገና ወጣና የበለጠ ትልቅ ባንዲራ ተከለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ተራራው ለብዙ ዘመን ቻይናውያንን በሚያንቋሽሽ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ የእሱን ስም በይፋ ያገኘው በ1997 ነው። ለማያውቁሽ ሰዎች ሁለቴ መውጣት ምን እንደሆነ ስደተኛ ያውቀዋል።

መስከረም ላይ ደግሞ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ላርች ቫሊ የሚባለውን ሸለቆ እዪ። ላርች ጥድ መሳይ ዛፍ ነው፤ ግን ቅጠሉን ያረግፋል። ከማርገፉ በፊት ሸለቆው ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጊዜውም ከመስቀል ጋር ይገጥማል። አደይ አበባ ዛፍ ላይ ወጣች ትያለሽ። የእግር ጉዞው ወደሚጀምርበት ወደ ሞሬን ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ከ2023 ጀምሮ ለግል መኪና ዝግ ስለሆነ የአውቶቡስ ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ድቦች በሚበዙበት ጊዜ እዚያ አካባቢ ከአራት ሰው ባነሰ መሄድ ይከለከላል። ይኸውልሽ፣ ተራራም አንዳንዴ ቁጥር ይፈልጋል። አራቱን ከረቡዑ ቡድን አምጪ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ ወይ እህት ዓለም? ባለቤቴ በሃምሳ ዓመቱ ሆኪ ጀመረ። እሰየው ብያለሁ፣ ስልክ ላይ ከመተኛት ይሻላል። የሆኪ ሻንጣው ግን ቤቱን አሸተተው። ቡና ላፈላ ሰው ጠርቼ ዕጣን ባጨስ እንኳ አልሸነፍ አለ። ምን ይሻላል?
ከኤድመንተን

መልስ፦ ዕጣን አይችለውም። ሽታው የሚመጣው ላብ የጠጣው ዕቃ ተዘግቶ ሲያድር ነው፤ ስለዚህ ሻንጣው ቤት እንደገባ ይከፈት፣ ሁሉም ይሰቀል። ቤዝመንት ካላችሁ ገመድ ወጥሩና ፋን ክፈቱበት። ማሊያና ካልሲ በየጨዋታው ይታጠባሉ። የክርን፣ የቅልጥምና የደረት መከላከያዎቹን በወር አንዴ በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ይቻላል፤ መጀመሪያ ማያያዣዎቹን ዝጉ፣ ማድረቂያ ውስጥ ግን እንዳይገቡ። ጫማውና ሄልሜቱ ማሽን አይገቡም። የጫማው ስለት በጨርቅ ይወልወል፣ አለዚያ ይዝጋል። ጓንቱ ተገልብጦ አይታጠብም፣ ስለዚህ በጣም የሚሸተው እሱ ነው። እሱን ጋራዥ አስወጪው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ባለቤትሽ ነው፤ አንቺ ቡናሽን አፍዪ።