ተዳፋት ላይ ላለ ቤት የተፈጥሮ አደጋ መድን ይገዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ሰፈር ነው። በባንክ ብድር የሠራሁት ባለ አንድ ፎቅ የብሎኬት ቤት አለኝ፤ ባንኩም በየዓመቱ የመድን አረቦን ያስከፍለኛል። ባለፈው ክረምት የድጋፍ ግንቡ ተሰነጠቀ። ናዳ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ይህ መድን ይከፍለኛል? ካልከፈለኝ ሌላ ልግዛ? ሕጉስ ያስገድደኛል?

መልስ፦ ከግዴታው ልጀምር። ለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። እርስዎን የሚይዝዎት የብድር ውልዎ ብቻ ነው። ባንኩ ደግሞ የሚያስጠብቀው ያበደረውን ገንዘብ ስለሆነ፣ ካሳው ቀድሞ የሚከፈለው ለእሱ ነው፤ የሚገባውም ብዙውን ጊዜ «እሳትና መብረቅ» የሚባለው መነሻ ሽፋን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ጎርፍም በተጨማሪ አረቦን ካልተጨመሩበት አይሸፈኑም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባንክዎ ሄደው የውሉን ሙሉ ቅጂ ከነአባሪዎቹ ይጠይቁ። የአረቦን ደረሰኝ ምን እንደተሸፈነ አይነግርዎትም።

አባሪው ላይ «ጎርፍ» የሚለውን ስላዩ ብቻ አይረኩ። ጎርፍ የሚባለው ከውጭ የገባ ውኃ ቤትዎን ሲያበላሽ ነው። መሬቱ ራሱ ሲንሸራተት ወይም ሲሰምጥ የሚደርሰውን ጉዳት ብዙ ውሎች ለይተው ያስቀሩታል፤ አጥር፣ የግቢ በርና የድጋፍ ግንብም በስም ካልተዘረዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። እርስዎ ሰፈር ግን መጀመሪያ የሚሄደው ግንቡ ነው። የክረምቱ ውኃ ከጀርባው ይጠራቀማል፣ አፈሩ ይከብዳል፣ ውኃ ማውጫ ቀዳዳው ከተደፈነ ወይም ከመጀመሪያው ካልተሠራ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «የመሬት መንሸራተትና ናዳ» እንዲሁም «የድጋፍ ግንብ» የሚሉት ቃላት ውሉ ላይ እንዲገቡ በደብዳቤ ይጠይቁ። ሠራተኛው በቃል «እሱማ ይሸፈናል» ቢልዎት አይበቃም፤ የመድን ውል በጽሑፍ የሚደረግ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡን ሽፋን ይግዙ፤ በዚህ አላመነታም። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ የተባለችውን ከተማ አፍርሷታል፤ ካራ ቆሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት።

የተሰነጠቀውን ግንብ በተመለከተ አደራ የምልዎት፣ አይደብቁት። አዲሱ የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል ስላልነካው ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ ነው። በአንቀጽ 667 እና 668 መሠረት ውል ሲገቡ የሚያውቁትን ሁሉ መግለጽ አለብዎት፤ አውቀው የደበቁት ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ቤቱ በሌላ ምክንያት ቢጎዳ እንኳ ካሳ አያገኙም። ስንጥቁን ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሱ፣ በመሐንዲስ አስመርምረው ያስጠግኑ፣ የጥገናውን ማስረጃ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። ግንቡ ተሠርቶ ከተረከቡት 10 ዓመት ካልሞላው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩን መጠየቅ ይቻል እንደሆነም ይታይ።

ሰዎች አብዝተው የሚጎዱት በመድኑ መጠን ነው። የሚያስገቡት የቤቱን የመሸጫ ዋጋ አይደለም፤ በመሸጫው ውስጥ የቦታው ዋጋ አለበት፣ መሬት ደግሞ መድን አይገባለትም። የብድሩን መጠንም አይደለም። ትክክለኛው መጠን ዛሬ ባለው የሲሚንቶ፣ የብረትና የጉልበት ዋጋ ያንኑ ቤት መልሶ መሥሪያው ነው። ቤቱን መልሶ ለመሥራት 6 ሚሊዮን ብር የሚያስፈልግ ሆኖ እርስዎ በ3 ሚሊዮን ቢያስመዘግቡትና የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ የሚከፈልዎት 500 ሺህ ነው፤ ከእሱም በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ፣ ማለትም ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት ድርሻ፣ ይነሳል። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 679 ላልተሸፈነው ግማሽ የራስዎ መድን ሰጪ እርስዎ ነዎት። ዋጋ እንዲህ በሚንር ጊዜ ግምቱ በየእድሳቱ ይከለስ።

ግንቡ ከታች ባለው ጎረቤት ቤት ላይ ቢወድቅስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። የቤት መድንዎ የጎረቤትን ጉዳት ስለማይከፍል ለብቻው የኃላፊነት ሽፋን ያስጨምሩ። የጦርነት ጉዳትን ግን የተፈጥሮ አደጋ ሽፋን አይነካውም።

መድን ድርጅቱ ናዳን አልሸፍንም ካለ፣ ሌላ ድርጅት ይጠይቁ። ሁሉም እንቢ ካሉ ለናዳው ሊከፍሉ ያሰቡትን ገንዘብ ከግንቡ ጀርባ ለውኃ መውረጃ ቦይ ያውሉት፤ የመንቀጥቀጡንና የጎርፉን ሽፋን ግን አይተዉ።

አደጋ ከደረሰ ባወቁ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቅጂዎ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ጉዳት ገማቹ ሳያይ ፍርስራሹን አያስነሱ፤ ጣሪያውን በሸራ መሸፈንና ዕቃ ማውጣት ግን ይችላሉ፣ የወጪዎን ደረሰኝ ይያዙ። ከቀበሌና ከፖሊስ ማስረጃ ያውጡ። በድርድር ቢያመላልሱዎትም የክስ ጊዜው በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት 2 ዓመት ስለሆነ፣ ከማለቁ በፊት ክሱን ፍርድ ቤት ያስገቡ።